የቮልስ ሰምና ወርቅ

የመኪና ፍቅር ያደረበት ወዳጅ «ምን ላንብብ? ምን ፊልምስ ልይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የእሽቅድምድም ፊልሞች ይጠቀሱለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው «ግራንድ ፕሪ»፣ በ1971 ስቲቭ ማኩዊን የተጫወተበት «ለ ማን»፣ አሲፍ ካፓድያ በ2010 ስለ ብራዚላዊው አየርተን ሴና ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም። እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ያየሁበትን ሰዓትም አልቆጭበትም። ይሁን እንጂ እነዚህን ማንም ፈልጎ የሚያገኛቸው ስለ ሆኑ ዛሬ ወደ ጎን ልተዋቸውና፣ በእሽቅድምድም ሜዳ ሳይሆን በታሪክ መንገድ ሩቅ ስለ ተጓዘች አንዲት ዝግተኛ መኪና የተጻፈውንና የተቀረጸውን ላስተዋውቃችሁ ወደድሁ። እርሷም የጀርመኗ ፎልክስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ ናት።

እኔ መኪና የለኝም። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ስለዚህ የመኪና ፍቅሬ ከመጽሐፍና ከፊልም አልፎ አያውቅም። ቮልስን ከሌሎቹ ለይቼ የወደድኋት ግን ቅርጿ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያላት መኪና ስለ ሆነች ነው። ሰሙ ሕፃን ሁሉ የሚስቅለት ክብ ጀርባዋና እንደ ዓይን የተከፈቱት ሁለት መብራቶቿ ናቸው። ወርቁ ግን በኮፈኗ ሥር አይገኝም፤ መጽሐፍ መግለጥ ይጠይቃል። (ቮልስን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የፊት ኮፈኗን ቢከፍት ሞተር ሳይሆን የዕቃ ማስቀመጫና ትርፍ ጎማ እንደሚያገኝ ልንገረው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውኃ ሳይሆን አየር ነው።)

ከሰሙ እንጀምር። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ፊልም «ዘ ላቭ በግ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ከአራት ዓመት በፊት «ሜሪ ፖፒንስ»ን የሠራው ሮበርት ስቲቨንሰን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ኸርቢ የምትባል፣ 53 ቁጥር የተጻፈባት ነጭ ቮልስ የራሷ ነፍስና ልብ አላት፤ ትወዳለች፣ ትቀናለች፣ ታኮርፋለች፣ ዕድል የራቀውን አሽከርካሪዋንም ለድል ታበቃዋለች። ለፊልሙ መኪና ሲመረጥ ልዩ ልዩ መኪኖች በስቱዲዮው ግቢ ተደርድረው እንደ ነበርና፣ አላፊ አግዳሚው ሠራተኛ የሌሎቹን ጎማ በእግሩ ሲመታ ቮልሷን ግን በእጁ እንደ ደባበሳት ይተረካል። ይህች ትንሽ ወሬ እውነት ብትሆንም ባትሆንም ስለ መኪናዋ ብዙ ትናገራለች። ሰው ብረትን የሚደባብሰው አልፎ አልፎ ነው። ፊልሙ ተወዶ እስከ 2005 ድረስ ተከታታዮች ወጡለት፤ እንደ እኔ ግን የመጀመሪያው ይበቃል። የቀሩትን ልጅ ያለው ሰው ከልጁ ጋር ሆኖ ይያቸው።

አሁን ይህችው የምትደባበስ መኪና ከወዴት እንደ መጣች እንይ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በርንሃርድ ሪገር የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2013 «የሕዝብ መኪና» በሚል ርእስ ያሳተመውን መጽሐፍ ነው። ሪገር ስለ ፒስተንና ካርቡረተር ብዙ አይጨነቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንዲት መኪና በጀርመን፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ እንዴት የሦስቱም የራሳቸው ልትሆን ቻለች? መልሱን ሲፈልግ የሚጀምረው ከአዶልፍ ሂትለር ዘመን ነው፤ መጀመሪያዋ በዚያ ነውና።

ሂትለር ሥልጣን በያዘ ማግሥት ለጀርመን ሕዝብ ርካሽ መኪና ተስፋ ሰጠ። ንድፉን የተቀበለው ፈርዲናንድ ፖርሸ ነበር። የታዘዘው ባልና ሚስትን ከልጆቻቸው ጋር የምትይዝ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ፣ ዋጋዋም ከ1,000 ራይክስማርክ የማይበልጥ መኪና ነው። በሜይ 26 ቀን 1938 ሂትለር ራሱ ተገኝቶ በፋለርስሌበን አጠገብ የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ፤ የመኪናዋም ስም «በደስታ ብርታት» በሚለው የናዚዎች የመዝናኛ ድርጅት ተሰየመ። ዋጋዋ 990 ራይክስማርክ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ የምሠራበት ሙያ ያስገድደኛልና ጥቂት እቆያለሁ። ሠራተኛው መኪናዋን የሚገዛበት መንገድ ቁጠባ ነበር። በየሳምንቱ ቢያንስ የ5 ማርክ ቴምብር ገዝቶ በደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ደብተሩ ሲሞላ መኪናው ይሰጠዋል። 990ን ለ5 ብናካፍል 198 ሳምንት ነው፤ መድኑ ሳይቆጠር አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ማለት ነው። ለተቀማጩ ወለድ አይታሰብም። ደብተሩ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ቆጣቢው ሐሳቡን ቢለውጥ የከፈለውን ተመላሽ ማድረግ አይችልም። በመስኮቴ ፊት እንዲህ ያለ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥመኝ አስቀድሜ ብዕሩን ከእጁ እወስድበት ነበር። ነገር ግን ከ330,000 በላይ ጀርመናውያን ፈረሙ፤ ከ270 ሚሊዮን ማርክ በላይም አጠራቀሙ። ከእነዚህ ሁሉ ቆጣቢዎች መካከል በዚያ ደብተር መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም።

ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ለሠራዊቱ የሚሆኑ ተሽከርካሪዎችን ይሠራ ጀመር። ገንዘቡ በርሊን በሚገኘው የጀርመን ሠራተኞች ግንባር ባንክ ተቀምጦ ስለ ነበር በ1945 ከተማይቱን በያዙት ሶቭየቶች እጅ ገባ። ቆጣቢዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። አዲሱ የፎልክስዋገን ኩባንያ ደግሞ «ገንዘቡን የተቀበልነው እኛ አይደለንም» አለ፤ በሒሳብ መዝገብ ረገድ አባባሉ ሐሰት አልነበረም። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ተጎትቶ በ1961 በስምምነት አለቀ፤ ደብተሩን ለሞላ ሰው አዲስ ቮልስ ሲገዛ እስከ 600 የጀርመን ማርክ እንዲቀነስለት፣ መኪና ካልፈለገ ደግሞ እስከ 100 ማርክ በጥሬ ገንዘብ እንዲወስድ ሆነ። ይህን ክፍል ሳነብ ከመኪናዋ ይልቅ ደብተሮቹ ናቸው በዓይኔ የዞሩት። በጦርነት በተቃጠለ ቤት ውስጥ፣ የሞተ ሰው ፎቶግራፍ ባለበት መሳቢያ፣ ቴምብሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ተለጥፎ የተቀመጠ ደብተር።

ከዚህ የባሰው ግን ገንዘብ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሃንስ ሞምዘን ከማንፍሬድ ግሪገር ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው የፋብሪካው ታሪክ በናዚ ዘመን እዚያ በግዳጅ ስለ ሠሩት ሰዎች ይተርካል። ኩባንያው ራሱ ያሠራው ጥናት መሆኑ ያስመሰግነዋል። መጽሐፉ ከ1,000 ገጽ በላይ ስለ ሆነ «አንብቡት» ብዬ አላስጨንቃችሁም፤ ሪገርም የተገኘውን አሳጥሮ ያቀርበዋል። በጦርነቱ ዘመን ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጭምር፣ በዚያ ፋብሪካ ተገድደው ሠርተዋል። ከእነዚህ መካከል ከፖላንድና ከሶቭየት ኅብረት የመጡ ሴቶች የወለዷቸው ሕፃናት ከእናቶቻቸው እየተነጠቁ በሩየን መንደር ወደሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ይወሰዱ ነበር። እዚያ በረሃብ፣ በበሽታና በቸልታ ከ300 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ኃላፊ የነበረው የፋብሪካው ሐኪም በእንግሊዞች ፍርድ ቤት ሞት ተፈርዶበት በ1947 ተሰቀለ። ኸርቢን አይተው የሚስቁ ሕፃናትንና የሩየንን ሕፃናት በአንድ ገጽ ላይ ማኖር ይከብደኛል፤ ሁለቱንም ያገናኘቻቸው ግን ያችው መኪና ናት።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ታሪክ ለተረት ጸሐፊ የሚመች ነው። ቦምብ የመታውን ፋብሪካ እንዲጠብቅ የተላከው አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ መሣሪያዎቹ በአብዛኛው እንደ ተረፉ አየ፤ አንዲት ናሙና መኪና አሳይቶም የእንግሊዝ ጦር 20,000 መኪኖች እንዲያዝ አደረገ። ከ1948 ጀምሮ ሥራውን የመራው ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ሲሆን፣ በኦገስት 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ቮልስ ወጣች። የከተማው ስምም ከመኪናዋ ስም ተላቅቆ ቮልፍስቡርግ ተብሏል።

አሜሪካ ስትገባ ደግሞ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሚጥመው ምዕራፍ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የመኪናዋን ማስታወቂያ የያዘው ድርጅት ዶይል ዴን በርንባክ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል በርንባክ አይሁዳዊ ነው፤ ቃሉን የጻፈው ጁሊያን ኬኒግም እንዲሁ። ገጹን የነደፈው ሄልሙት ክሮኒ የጀርመን ስደተኞች ልጅ ነበር። የዚያ ዘመን የመኪና ማስታወቂያ በቀለም የሚንቦገቦግ፣ መኪናውን ከቁመቱ በላይ የሚያስረዝም ነበር። እነርሱ ግን ሰፊ ነጭ ገጽ ወስደው በአንድ ጥግ ትንሽዬ ቮልስ አስቀመጡ፤ ከሥሩም ሁለት ቃል ርእስና ቀልድ የተቀላቀለበት ትሕትና ያለው አጭር ጽሑፍ። ግጥም ለሚሞክር ሰው ከዚህ ነጭ ገጽ የሚማረው አለ። ይህን ታሪክ በስፋት ለመከታተል የፈለገ የአንድሪያ ሂዮትን «ቲንኪንግ ስሞል» (2012) ያንብብ፤ ከሪገር ይልቅ ለልቦለድ የቀረበ አጻጻፍ አለው። ለእኔ ጥቂት ይበዛበታል፤ ሌላው አንባቢ ግን ሊወደው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ቮልስ የፊልም ሠሪዎች የጋራ ቃል ሆና ነበር። ዉዲ አለን በ1973 በሠራው «ስሊፐር» ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት በዋሻ የተቀመጠች ቮልስ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች፤ ተመልካቹ የሚስቀው ማስታወቂያውን በቃሉ ስለሚያውቀው ነው። ስታንሊ ኩብሪክ ደግሞ እስጢፋን ኪንግ በ1977 የጻፈውን «ዘ ሻይኒንግ» በ1980 ወደ ፊልም ሲለውጥ አንድ ነገር አደረገ። በመጽሐፉ የቤተሰቡ ቮልስ ቀይ ናት፤ በፊልሙ ቢጫ ሆነች። በኋላም በበረዶ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ሥር የተጨፈለቀች ቀይ ቮልስ ለአፍታ ትታያለች። ብዙዎች ይህን ዳይሬክተሩ ለደራሲው የላከው መልእክት አድርገው ያነቡታል። እኔም እንደዚያ አነበዋለሁ። ኪንግ ፊልሙን እንዳልወደደው የታወቀ ነው።

ውዳሴው እንዳይበዛ የራልፍ ኔደርን ነገር ልጨምር። በ1965 ያሳተመው «አንሴፍ አት ኤኒ ስፒድ» የአሜሪካን የመኪና ፋብሪካዎች የከሰሰ፣ የደኅንነት ሕግ እንዲወጣም የገፋ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚናገረው እንደ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነች ስለ ሸቭሮሌ ኮርቬር ነው። እርሱ ከመሠረታቸው ድርጅቶች አንዱ በ1972 ስለ ቮልስ ራሷ አደገኛነት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። የመኪና ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው እነዚህንም ያንብብ እላለሁ፤ ኸርቢ በፊልሙ በሁለት ጎማ ስትታጠፍ ያጨበጨበ ሰው፣ ሰው የጫነች ቮልስ በእውነተኛው መታጠፊያ ላይ ምን እንደምትሆን ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ከደረሰች በኋላ መኪና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ምልክት ነበር። ቮልስ ግን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ገባች። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም ቻለች፤ ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውኃ አትለምንም። ያረጁት ቮልሶች ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይታያሉ።

የዚህች መኪና ትልቁ የታሪክ ቀን የዋለውም በዚችው ከተማ ይመስለኛል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውና ከአንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የታየው ዘጋቢ ፊልም ነው። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ አስገባበት። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። በማግሥቱ ጠዋት መኰንኖች ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት መጡ፤ ሻለቃ ደበላ ዲንሳ ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ውጭ ተመርተው ወጡ። የቀረበላቸው መኪና ቮልስ ነበር።

ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ማጠፍ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ ጉልበትን ሰብስቦ መግባት ግድ ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ በፊታቸው ሲያጎነብስ የኖረ ንጉሥ፣ በዚያ ጠባብ በር አጎንብሰው ገቡ። መንገድ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ «ሌባ! ሌባ!» ሲል እንደ ነበር ብዙዎች ጽፈዋል። መኪናዋም ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰደቻቸው። ቮልስ ሆነ ብሎ የተመረጠ ነው ወይስ ያጋጠመ? ምንም ይሁን ምን ደርግ ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ ሊያሠራ አይችልም ነበር። ምሽቱን ፊልም፣ ጠዋቱን ቮልስ።

ይህን ቀን ለዓለም አንባቢ ያደረሰው ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» የተባለ መጽሐፍ ነው። አጻጻፉ የሚያስቀና ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ምስክሮቹ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የሚጠሩ፣ ንግግራቸውም የእኛን ቤተ መንግሥት ወግ የማይመስል ስለ ሆነ ብዙ ኢትዮጵያውያንና የታሪክ ሊቃውንት ነቅፈውታል። እኔ እንደ ልቦለድ ነው የማነበው። ከጎኑ የልጅ አስፋ ወሰን አሥራተን የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ (2014) እና የደርግ አባል የነበሩትን የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» (2006 ዓ.ም.) ብታኖሩ፣ በተሸናፊውና በአሸናፊው ወገን መካከል ቆማችሁ ለራሳችሁ ታነባላችሁ። አንዱ የዘመድ ሐዘን አለበት፤ ሌላው የባለሥልጣን መከላከያ። ሁለቱም ጉድለታቸውን ስለማይሸሽጉ ከካፑሽቺንስኪ ይልቅ አምናቸዋለሁ።

ቮልስ በጀርመን መሠራቷ ካቆመ በኋላ በሜክሲኮ ቀጠለ፤ የመጨረሻዋ በጁላይ 30 ቀን 2003 ከፑዌብላ ፋብሪካ በማርያቺ ሙዚቃ ታጅባ ወጣች። በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል።

ከሁሉ መጨረሻ ያቆየሁት የዮሴፍ ጋንዝን ነገር ነው። ጋንዝ አይሁዳዊ መሐንዲስና የአንድ የመኪና መጽሔት አዘጋጅ ነበር። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ቀላልና ርካሽ የሕዝብ መኪና እንዲሠራ በመጽሔቱ ይከራከር ነበር፤ በ1931 «ማይኬፈር» የሚላትን ናሙና ሠራ፤ ማይኬፈር በጀርመንኛ የጥንዚዛ ስም ነው። በእርሱ ሐሳብ የተሠራች አነስተኛ መኪና በ1933 በበርሊን ዐውደ ርእይ ቀረበች፤ በዚያው ዐውደ ርእይ ሂትለር ነበር። በዚያው ዓመት ጌስታፖ ጋንዝን አሰረው። ተፈትቶ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ፤ ከጦርነቱ በኋላ አውስትራሊያ ገባና በ1967 እዚያው ሞተ። ሆላንዳዊው ጸሐፊ ፓውል ስኪልፐሮርድ በ2009 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ሱዛን ራስ ደግሞ በ2019 ዘጋቢ ፊልም ሠራችለት።

ቮልስ አንድ አባት ብቻ የላትም፤ የቼኮስሎቫኪያው የታትራ ኩባንያ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካም ድርሻ አለው፣ ፖርሸም ያለ ሥራው አልተመሰገነም። ስለዚህ «የቮልስ እውነተኛ ፈጣሪ ጋንዝ ነው» የሚሉ ሰዎች ነገሩን ያጋንኑታል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ኸርቢን አይቶ፣ ሪገርን አንብቦ፣ የዲምብልቢንም ፊልም ታሪክ ሰምቶ ወደ ጋንዝ የሚደርስ ሰው፣ የሱዛን ራስን ፊልም ርእስ ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው። ርእሱ «ጋንዝ፦ ጥንዚዛዬን እንዴት እንዳጣሁ» ይላል።